ኢሊያ ሜችኒኮቭና በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን

የሰው ልጅ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያንን በቆዳው፣ በአፉና በአንጀቱ ተሸክሞ ይኖራል። እነዚህ ተሕዋስያን ለሰውነት ጠላቶች ናቸው ወይስ ባልንጀሮች? በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ ኢሊያ ሜችኒኮቭ ነው። ይህ ሰው ሰውነት ከበሽታ ራሱን የሚከላከልበትን አንድ ታላቅ ምሥጢር የገለጠ ተመራማሪ ሲሆን፣ በአንጀት ውስጥ ስለሚኖሩት ተሕዋስያን የሰጠው ፍርድ ግን ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ደግሞ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። የሕይወት ታሪኩ እንደሚከተለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሜችኒኮቭ በ1845 ዛሬ በዩክሬን ውስጥ በምትገኘው በካርኮቭ ከተማ አቅራቢያ ባለች መንደር ተወለደ። በዚያን ጊዜ አገሩ በሩስያ ነገሥታት ግዛት ሥር ነበር። አባቱ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ መኮንን የነበረ ባለ ርስት ሲሆን፣ እናቱ ኤሚሊያ ኔቫኮቪች የአንድ አይሁዳዊ ጸሐፊ ልጅ ነበረች። ልጁ ለአንድ አፍታ እንኳ አርፎ መቀመጥ የማይችል ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ በባዜቃ ይመስሉት ነበር። ገና በስምንት ዓመቱ ግድም ስለ አካባቢው ዕፀዋት ማስታወሻ እየጻፈ፣ ወንድሞቹንና የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ ያስተምር ጀመር። ልጆቹ ተሰላችተው ጥለውት እንዳይሄዱም ከኪሱ ሳንቲም እያወጣ ይከፍላቸው ነበር። ተማሪ ለአስተማሪ ሲከፍል እንጂ አስተማሪ ለተማሪ ሲከፍል የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ጨርሶ በ1864 ወጣ። ከዚያም የባሕር እንስሳትን ለማጥናት ወደ ሄሊጎላንድ ደሴት፣ ቀጥሎም ወደ ጀርመንና ወደ ኢጣልያ ተጓዘ። በ1865 በጀርመን አገር በጊሰን ከተማ አንዲት ጠፍጣፋ ትል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሕዋሶቿ የምግብ ቅንጣት እየዋጡ በውስጣቸው ሲፈጩት አየ። ነገሩ በዚያን ጊዜ እንደ ተራ ነገር ታልፎ ነበር፤ ከ17 ዓመት በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል።

የዶክቶር ማዕርጉን ከተቀበለ በኋላ በኦዴሳና በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማረ። በ1869 ሉድሚላ ፊዮዶሮቪች የምትባል ወጣት አገባ። ሉድሚላ በሳንባ ነቀርሳ ክፉኛ ታማ ስለ ነበር፣ ለሠርጓ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተወሰደችው በወንበር ላይ ተቀምጣ በሰው ሸክም ነው። ባልዋ የአየር ለውጥ ይሻላታል በማለት ወደ ሞቃት አገሮች እየወሰደ አስታመማት፤ ለመድኃኒቱና ለጉዞው ገንዘብ ለማግኘትም ጤናውን እስኪያጣ ድረስ ሠራ። ይሁን እንጂ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሆኖ በ1873 በማዴይራ ደሴት ዐረፈች። በዚህ ጊዜ ሜችኒኮቭ ተስፋ ቆርጦ ሕይወቱን ለማጥፋት መርዝ ጠጣ፤ የወሰደው መጠን ከልክ ያለፈ ስለ ነበረ አስታወከውና ዳነ። ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት በአንድ ፋኖስ ዙሪያ የሚበሩ ነፍሳትን አየ። ነፍሳቱ ሳይበሉ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚኖሩ መስለውት፣ ይህን ያህል አጭር ዕድሜ ላላቸው ፍጡራን የተፈጥሮ ምርጫ ሕግ እንዴት ይሠራል ብሎ ማሰብ ጀመረ። በዚህም ጥያቄ ሳቢያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በ1875 ኦልጋ ቤሎኮፒቶቫን አገባ። ኦልጋ የሥዕልና የሳይንስ ዝንባሌ የነበራት፣ በኋላም ታሪኩን የጻፈችለት ሴት ናት። እርስዋም በ1880 በአንጀት ተስቦ ታመመች፤ ተርፋ ብትነሣም በቀጣዩ ዓመት ሜችኒኮቭ በልብ ድካም፣ በኀዘንና በዩኒቨርሲቲው ውዝግብ ተሰላችቶ እንደገና ሞትን ተመኘ። በዚህም ጊዜ የሚያገረሽ ትኩሳት ከያዘው ሕመምተኛ የተወሰደ ደም በራሱ ሰውነት ውስጥ አስገባ። ሞቱ እንኳ ለሳይንስ እንዲጠቅም፣ በሽታው በደም የሚተላለፍ መሆኑን ለማወቅ አስቦ ነበር። ታሞ ለሞት ደረሰ፤ ግን አልሞተም። ከዚህ ሕመም ከተነሣ በኋላ የሕይወት ፍቅር እንደ አዲስ ያደረበት መሆኑን የሚያውቁት ሁሉ መስክረዋል።

በ1882 የኦዴሳን ዩኒቨርሲቲ ለቅቆ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ሲሲሊ ደሴት ሄደና በመሲና ከተማ ባሕሩን በሚያይ ቤት ተቀመጠ። ስሙን በዓለም ያስጠራው ሥራ የተጀመረው እዚህ ነው። አንድ ቀን ባለቤቱና ታናናሾቿ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎች የሚያሳዩትን ትርዒት ለመመልከት ወደ ሰርከስ ሲሄዱ፣ እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ብቻውን ቀረ። ይመረምረው የነበረው የባሕር ኮከብ የተባለውን እንስሳ እጭ ነበር። ይህ እጭ እንደ መስተዋት የጠራ ስለ ሆነ፣ በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ሳይቆረጥ ይታያል። በእጩ ሰውነት ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሱ ሕዋሳት ነበሩ። ሜችኒኮቭ እነዚህን ሕዋሳት ሲያይ ቀድሞ በትሏ ሰውነት ያየው ነገር ታወሰውና፣ ምግብን የሚውጥ ሕዋስ ከውጭ የገባ ጠላትንስ ለምን አይውጥም ብሎ አሰበ። ሐሳቡ እውነት ከሆነ፣ በእጩ ሰውነት ላይ እሾህ ቢሰካበት ተንቀሳቃሾቹ ሕዋሳት እሾኹን መክበብ አለባቸው። ወዲያውኑ ወደ አትክልቱ ስፍራ ወጥቶ ጥቂት የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ አመጣና እንደ ውሃ በጠሩት እጮች ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋ ማይክሮስኮፑን ቢመለከት እሾኹ በተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ተከቦ አገኘው።

የዚህን ግኝት ትልቅነት ለመረዳት በዚያን ዘመን የነበረውን አስተሳሰብ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁስል ሲያብጥና መግል ሲይዝ ነጭ የደም ሕዋሳት እንደሚሰበሰቡ ሐኪሞች ያውቁ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ እነዚህ ሕዋሳት የበሽታውን ጀርም ተሸክመው በሰውነት ውስጥ የሚያዳርሱ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ሜችኒኮቭ ግን ነገሩን ገለበጠው፤ ሕዋሳቱ የሚሰበሰቡት ጀርሙን ለመብላት ነው፣ እብጠቱም የውጊያው ምልክት ነው አለ። በ1883 በቪየና ከተማ ያገኛቸው ሊቃውንት ከግሪክ ቋንቋ ተውሰው ለእነዚህ ሕዋሳት ፋጎሲት የሚል ስም አወጡላቸው፤ ትርጓሜውም በላተኛ ሕዋስ ማለት ነው። በ1884 ደግሞ ዳፍንያ የምትባለውን በኩሬ ውሃ የምትኖር ኢምንት እንስሳ መርምሮ፣ እንደ መርፌ የሾሉ የእርሾ ዘሮች አንጀቷን በስተው ሲገቡ ፋጎሲቶቹ ከደረሱባቸው እንስሳዋ እንደምትድን፣ ካልደረሱባቸው ግን እንደምትሞት አሳየ።

ጥቂት ዓመታት ወደ ኦዴሳ ተመልሶ በ1886 የተቋቋመውን የክትባት ጣቢያ መራ። ይህ ሥራ አልቀናውም። እርሱ በሙያው ሐኪም ስላልነበረ ክትባቱን የሚሰጡት ረዳቶቹ ነበሩ፤ በአባሰንጋ ክትባት ሥራ ላይ በደረሰው ጥፋትም በሺህ የሚቆጠሩ በጎች አለቁ። በ1888 አገሩን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። ሉዊ ፓስተር በአዲሱ ተቋሙ ውስጥ ቤተ ሙከራ ሰጠው፤ በዚያም 28 ዓመት ሠራ። በጀርመን ያሉ ሊቃውንት ጀርምን የሚገድለው የደም ውሃ እንጂ ሕዋስ አይደለም እያሉ ለብዙ ዓመታት ተከራከሩት። ዛሬ ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን አንዳንድ ክፍል ይዘው እንደ ነበር ታውቋል። የኖቤል ሸንጎም በ1908 የሕክምናን ሽልማት ለሜችኒኮቭና የደም ውሃን ወገን ይደግፍ ለነበረው ለጀርመናዊው ለጳውል ኤርሊክ አካፍሎ ሰጠ።

ከ1900 ወዲህ ሜችኒኮቭ ፊቱን ወደ እርጅና ጥናት መለሰ። ሰው የሚያረጀው ለምንድን ነው? ሰውነትን ሲጠብቁ የኖሩት በላተኛ ሕዋሳት በስተመጨረሻ የሰውነትን ክፍል ራሱን መብላት ይጀምራሉ ብሎ አመነ፤ ጸጉር የሚሸብተው እንኳ ቀለሙን እነርሱ ስለሚበሉት ነው አለ። ለዚህ ሁሉ ምክንያት አድርጎ የወቀሰው በትልቁ አንጀት የሚኖሩትን ተሕዋስያን ነበር። እንደ እርሱ አስተሳሰብ፣ በዚያ ምግብ ሲበሰብስ የሚፈጠረው መርዝ ወደ ደም እየገባ ሕዋሳትን ያዳክማል። እንስሳትንም እያነጻጸረ፣ ሰፊ አንጀት ያለው ፈረስ ዕድሜው አጭር፣ አንጀቱ አጭር የሆነው በቀቀን ግን ረጅም ዕድሜ ያለው መሆኑን በማስረጃነት አቀረበ። በ1909 ከባልደረቦቹ ጋር ፍሬ የሚመገቡ ታላላቅ የሌሊት ወፎችን መርምሮ፣ በአጭር አንጀታቸው ውስጥ ጥቂት ተሕዋስያን ብቻ መገኘታቸውን አስታወቀ። ትልቁን አንጀት ከጥቅሙ ጉዳቱ የበዛ፣ ከጥንት የተወረሰ ትርፍ ክፍል አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

ይሁንና ሁሉም ተሕዋስያን ክፉዎች ናቸው አላለም። በዚያው በፓስተር ተቋም አንሪ ቲሲዬ የተባለው ሐኪም ጡት በሚጠቡ ጤነኛ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ቅርጹ እንደ ባላ የሆነ ባክቴሪያ በብዛት አግኝቶ ነበር። ወተት ደግሞ ሲረጋ በውስጡ ያሉት ተሕዋስያን የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ስለሚለውጡት፣ ሥጋ በሚበሰብስበት ጊዜ ወተት ሳይበሰብስ ይቆያል። እርጎ በምታረጋ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሳይንሳዊ ምክንያቱን ግን ጥቂቶች ብቻ ይጠይቃሉ። ሜችኒኮቭ ከዚህ ተነሥቶ፣ አሲድ የሚሠሩትን ደጋግ ተሕዋስያን ወደ አንጀት ብናስገባ የሚያበሰብሱትን ክፉዎች ያሸንፉልናል ብሎ አሰበ። በቡልጋሪያ ገጠር ብዙ ሰው ለረጅም ዕድሜ እንደሚበቃና ዋና ምግቡም እርጎ እንደ ሆነ ሰምቶ ነበር። በ1905 ስታሜን ግሪጎሮቭ የተባለ ቡልጋሪያዊ የሕክምና ተማሪ በጄኔቫ ከተማ ከአገሩ እርጎ ውስጥ የሚያረጋውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ።

ሜችኒኮቭ ይህን ሐሳቡን በ1904 በፓሪስ ለሕዝብ ባደረገው ንግግር፣ በኋላም በ1907 ስለ ዕድሜ መርዘም በጻፈው መጽሐፍ ገለጠ። ራሱም ጥሬ ምግብ ትቶ በየቀኑ የረጋ ወተት ይጠጣ ነበር። ጋዜጦች ወሬውን አራገቡት፤ እርሱ እንደ መላ ምት ያቀረበው ነገር በሕዝቡ ዘንድ እርጅናን የሚያስቀር መድኃኒት የተገኘ ያህል ተቆጠረ። እርጎ በፋርማሲ ይሸጥ ጀመር። ከዚህ የከፋው ግን በለንደን የሆነው ነው። አርበትኖት ሌን የተባለው ስመ ጥር ቀዶ ጠጋኝ ትልቁ አንጀት መርዝ አመንጪ ነው የሚለውን ሐሳብ በመከተል፣ የሕመምተኞችን ትልቅ አንጀት ቆርጦ ማውጣት ጀመረ። በዚህ ምክንያት ያለ በቂ ምክንያት የአካል ክፍላቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ። ያልተረጋገጠ ሐሳብ ከቤተ ሙከራ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ፈጥኖ ሲገባ ጉዳቱን የሚከፍለው ሐሳቡን ያመነጨው ሊቅ ሳይሆን በጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ሕመምተኛ ነው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ተሕዋስያኑ ጎጂ ከሆኑ፣ እንስሳ ያለ እነርሱ ቢኖር የበለጠ ጤነኛ መሆን ይገባው ነበር። ፓስተር ራሱ በ1885 በዚህ ነገር ላይ አስተያየት ሲሰጥ፣ እንስሳ ያለ ተሕዋስያን ሊኖር አይችልም የሚል ግምት ነበረው። በ1895 ነትታልና ቲርፌልደር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በበርሊን የጊኒ ፒግ ግልገሎችን ከእናታቸው ማኅፀን በቀዶ ሕክምና አውጥተው፣ ጀርም በሌለበት ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት በሕይወት ለማቆየት ቻሉ። በ1912 ደግሞ ሚሼል ኮሄንዲ በፓስተር ተቋም ጫጩቶችን ያለ ተሕዋስያን አሳደገ። ከኮሄንዲ በፊት ግን በ1901 ኦልጋ ሜችኒኮቭ የእንቁራሪት እጮችን ከጀርም በጠራ ውሃ ውስጥ አሳድጋ ውጤቱን አሳትማለች። ያለ ተሕዋስያን ያደጉት እጮች፣ ከተሕዋስያን ጋር ካደጉት ይልቅ ቀጭጨው ተገኙ። ይህ ሙከራ ከባሏ ሐሳብ ጋር የሚጋጭ ነበር። ስለ ሜችኒኮቭ ከሚጻፉት ታሪኮች ብዙዎቹ ኦልጋን የሚያነሡት እንደ ሚስትና እንደ ታሪክ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ስለ አንጀት ተሕዋስያን ጥቅም በዚያ ቤት ውስጥ ወደ እውነቱ ቀርባ የነበረችው እርስዋ ናት።

ከሜችኒኮቭ ሞት በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ጉዳዩን ይበልጥ ገለጡት። በ1921 በአሜሪካ የታተመ የሬትገርና የቼፕሊን ጥናት የቡልጋሪያው እርጎ ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ ሰፍሮ ሊኖር እንደማይችል አሳየ። በሌላ በኩል በቤተ ሙከራ ያለ ጀርም ያደጉ አይጦች ቫይታሚን ኬ የተባለው ንጥረ ነገር ካልተሰጣቸው ደማቸው ለመርጋት ይቸገራል፤ አንጀታቸው በውል አይጎለምስም፤ እንደ ሌሎቹ አይጦች ክብደታቸውን ለመጠበቅም ይበልጥ መብላት አለባቸው። በትልቁ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች እኛ ልንፈጨው የማንችለውን የእህልና የአትክልት ገለባ አብላልተው ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ የአንጀቱ ግድግዳ ሕዋሳትም ዋና ምግባቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነው። ከሁሉም የሚያስገርመው፣ ሰውነትን የሚከላከሉት ሕዋሳት ጠላትን ከወዳጅ መለየት የሚለማመዱት በከፊል ከእነዚሁ ተሕዋስያን ጋር በመኖር መሆኑ ነው። ሜችኒኮቭ ያገኛቸው ጠባቂዎችና የወቀሳቸው የአንጀት ነዋሪዎች እንዲህ ያለ ግንኙነት እንዳላቸው በእርሱ ዘመን የሚታወቅ አልነበረም። በ2016 የወጣ አንድ ስሌት 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ትሪሊዮን ግድም የራሱ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ በሰውነቱ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ 38 ትሪሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል።

እንዲህ ያለው ተጠቃቅሞ መኖር በሰው ብቻ የሚታይ አይደለም። ላም ሣር ትግጣለች እንጂ ሣሩን የሚሰባብር ንጥረ ነገር በራሷ ሰውነት አትሠራም። ይህን የሚያደርጉት በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ናቸው፤ እርስዋም ሙቀት፣ እርጥበትና ያለማቋረጥ የሚመጣ መኖ ትሰጣቸዋለች። ስታመሰኳ የምናያት ሣሩን ለእነርሱ እያደቀቀችላቸው ነው ማለት ይቻላል። ተሕዋስያኑ ሣሩን አብላልተው የሚሠሩት አሲድ አብዛኛውን ጉልበቷን ይሰጣታል፤ ከጨጓራ አልፈው ወደ አንጀት ሲወርዱም እነርሱ ራሳቸው ተፈጭተው ፕሮቲን ይሆኑላታል። አንዳንድ የምስጥ ዓይነቶችም እንጨት በልተው የሚኖሩት በአንጀታቸው ባሉ ተሕዋስያን ርዳታ ነው። ሜችኒኮቭ ፈረስና በቀቀን ሲያነጻጽር፣ ፈረስ ያለዚያ ሰፊ አንጀቱና በውስጡ ካሉት ነዋሪዎች በቀር በሣር ሊኖር የማይችል መሆኑን በቂ ዋጋ አልሰጠውም። እውነተኛ ሆኖ የቀረው የሐሳቡ ክፍል ግን ቀላል አይደለም፤ በአንጀት ውስጥ ያለው የተሕዋስያን ማኅበር ለጤና ወሳኝ መሆኑን፣ ይህንንም ማኅበር በምግብ መለወጥ እንደሚቻል ከቀደሙት ተናጋሪዎች አንዱ እርሱ ነው። ስለ እርጅና የሚያጠናው ሳይንስ ዛሬ የሚጠራበት ጄሮንቶሎጂ የሚለው ስምም ከእርሱ የተገኘ ነው።

በ1909 ሩስያን ሲጎበኝ ከደራሲው ከሌቭ ቶልስቶይ ጋር በያስናያ ፖልያና ተገናኝቶ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ሞት ያላቸው አመለካከት የተለያየ ነበር፤ ሜችኒኮቭ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ጤና ቢጨርስ ሞትን እንደ እንቅልፍ በፈቃዱ ይቀበለዋል ብሎ ያምን ነበር። በ1914 የተጀመረው የዓለም ጦርነት ግን መንፈሱን ሰበረው። የፓስተር ተቋም ወጣቶች ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ፤ ቤተ ሙከራዎቹም ለጦርነቱ ሥራ ዋሉ። እርሱም በልቡ ሕመም እየደከመ ሄደ። ሕመሙ በጸናበት ጊዜ እንኳ የራሱን ሁኔታ እንደ አንድ ሙከራ ይከታተል ነበር። ከሞተ በኋላ አስከሬኑ እንዲመረመር፣ በተለይም አንጀቱ በጥንቃቄ እንዲታይ የሥራ ባልደረባውን አደራ አለ። በሐምሌ ወር 1916 በ71 ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ። አስከሬኑ ተቃጥሎ ዐመዱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሆኖ በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ተደረገ።